የቦጋቲኒያ ሰዎች ከሰሉን ለምን ሙጥኝ አሉ?

ኦክቶበር 22 ቀን 2021 በሉክሰምበርግ ጎዳናዎች ላይ ከፖላንድ የመጡ ሠራተኞች የማኅበራቸውን ባንዲራ ይዘው ወደ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ተመሙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሰልፉን የጠራው ሶሊዳርኖሽች የተባለው ስመ ጥር የሠራተኛ ማኅበር ነው። የጠየቁት ነገር ግን ጉዳዩን ከሩቅ ለሚከታተል ሰው ግራ ያጋባል፦ በደጃቸው ያለው፣ አቧራው በመስኮታቸው የሚገባው የከሰል ጉድጓድ እንዳይዘጋባቸው ነበር የጠየቁት።

እንዲህ ዓይነት ዜና በተሰማ ቁጥር ሁለት አስተያየቶች ይከተላሉ። አንደኛው «የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ከፈለገው ሌላው ምን አገባው?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሕዝቡ በኩባንያው ገንዘብ ተደልሎ እንጂ ጤነኛ ሰው እንዲህ አይልም» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ከባዱን ጥያቄ ይሸሹታል። በደቡብ ምዕራብ ፖላንድ ያለው የቱሩፍ ከሰል ማውጫ ታሪክ እንደሚያሳየው ድጋፉ የእውነት ነው፤ ምክንያትም አለው። ይሁን እንጂ ድጋፉን የፈጠረው የከሰል ፍቅር ሳይሆን ሌላ መተዳደሪያ በቀን ተቆርጦ አለመቅረቡ ነው። ድጋፉ ሲቆጠርም ዋጋውን ከሚከፍሉት ሰዎች ብዙዎቹ ከመዝገቡ ውጪ ናቸው።

ቱሩፍ ምን ዓይነት ቦታ ነው?

የፖላንድን ካርታ የተመለከተ ሰው በደቡብ ምዕራቡ ጥግ፣ በጀርመንና በቼክ ሪፐብሊክ መካከል እንደ ከረጢት የተንጠለጠለች ቁራጭ መሬት ያያል። የቦጋቲኒያ ከተማ ያለችው እዚያ ነው። ከከተማዋ አጠገብ ከ200 ሜትር በላይ የጠለቀ፣ ዳር እስከ ዳር በዓይን የማይጠቀለል ክፍት ጉድጓድ አለ። በኢንዱስትሪ ደረጃ ቁፋሮው የተጀመረው በ1904 ሲሆን ያኔ አካባቢው የጀርመን ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድንበሩ ተለወጠ፣ ጀርመናውያኑ ነዋሪዎች ተባረሩ፣ በምትካቸው ከሌሎች የፖላንድ አካባቢዎች የመጡ ሰዎች ሰፈሩ። ለአብዛኞቹ ቤተሰቦች እንግዲህ የአካባቢው ታሪክ የሚጀምረው ከከሰሉ ነው፤ አያቶቻቸው ወደዚያ የሄዱትም ሥራው ስለነበረ ነው።

የሚወጣው ሊግናይት ወይም ቡናማ ከሰል የሚባለው ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ የድንጋይ ከሰል ስም በአብዛኛው የሚነሳው ከሲሚንቶ ፋብሪካዎች ጋር ስለሆነ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ሊግናይት ውሃ የበዛበት፣ ሙቀቱ አነስተኛ የሆነ ከሰል ነው። በባቡር ጭኖ ሩቅ አገር መውሰድ አያዋጣም፤ እዚያው በወጣበት ይቃጠላል። በዚህ ምክንያት ጉድጓዱና አጠገቡ ያለው የቱሩፍ ኃይል ማመንጫ በማጓጓዣ ቀበቶ የተያያዙ አንድ አካል ናቸው። ጉድጓዱ ከተዘጋ ማመንጫው ከሌላ ቦታ ከሰል ገዝቶ ሊቀጥል አይችልም፤ ማመንጫው ከቆመም ከሰሉ ገዢ የለውም። የሁለቱም ባለቤት ፒጂኢ የተባለው፣ መንግሥት አብላጫውን ድርሻ የያዘበት የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው። የፖላንድ መንግሥት በክርክሩ ወቅት ማመንጫው የሀገሪቱን ኤሌክትሪክ እስከ 7 በመቶ እንደሚሸፍን ሲናገር ነበር።

ድጋፉ ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ከደመወዝ ነው፤ ግን ደመወዝ ብቻ አይደለም። በጉድጓዱ፣ በማመንጫውና ለሁለቱ አገልግሎት በሚሰጡ ድርጅቶች የሚሠሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ የቦጋቲኒያ ማዘጋጃ ቤት የሚያስተዳድረው ሕዝብ በጠቅላላው ከ25,000 አይበልጥም። ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጀርባ ደግሞ ዳቦ ቤቱ፣ ጋራዡ፣ የቤት አከራዩ አለ። ባል ጉድጓድ ውስጥ፣ ሚስት በኩባንያው ቢሮ፣ ልጅ በጥገና ክፍል የሚሠሩበት ቤት አንዱ ሥራ ቢዘጋ በሌላው የሚደገፍበት ዕድል የለውም።

ሁለተኛው ምንጭ የማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ነው። በፖላንድ ሕግ ማዕድን አውጪው በሚያወጣው መጠን ልክ ክፍያ ይፈጽማል፤ ከዚህ ክፍያ 60 በመቶው ማዕድኑ ለወጣበት የአካባቢ አስተዳደር፣ 40 በመቶው ለብሔራዊው የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ ይሄዳል። በዚያ ላይ ከኩባንያው ግዙፍ ንብረት የሚሰበሰብ ግብር አለ። ከንቲባው ለትምህርት ቤትና ለመንገድ የሚመድበው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ከተማዋን የሚያሞቀውም ይኸው ማመንጫ ነው፤ ክረምቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ከቁጥር ይልቅ በትዝታ ይገለጣል። በደቡብ ፖላንድ የዋውብዥክ ከተማ የከሰል ጉድጓዶች በ1990ዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተራ በተራ ተዘግተው ነበር። ሥራ አጥ የሆኑት ማዕድን ቆፋሪዎች ቤተሰባቸውን ለማኖር በየጫካው ሕገ ወጥ ጉድጓድ እየቆፈሩ ከሰል በጆንያ ሲሸጡ፣ አንዳንዶቹም አፈር ሲናድባቸው አገሩ ሁሉ አይቷል። ከቦጋቲኒያ ብዙም አይርቅም፤ አንድ ክልል ነው። የቦጋቲኒያ ሠራተኛ ከከሰል ወደ ሌላ መተዳደሪያ መሻገር፣ «ሽግግር»፣ ሲባል የሚታየው የብራስልስ ሰነድ አይደለም፤ የዋውብዥክ ጆንያ ነው። ይህን ፍርሃት በኩባንያ ቅስቀሳ የተፈጠረ ነው ማለት ትክክል አይመስለኝም። ኩባንያው ይጠቀምበታል፤ አልፈጠረውም።

ይህ ማለት ግን በአካባቢው ሁሉም ሰው አንድ ድምፅ አለው ማለት አይደለም። ቪጋንቺትሰ የምትባለው መንደር ለአፈር መድፊያ ተብላ በጊዜ ብዛት ነዋሪዎቿ ተነስተው ፈርሳለች። ከዚያች መንደር የተረፈ አንድ ያማረ የእንጨት ቤት ተነቅሎ በዝጎጄሌትስ ከተማ ተተክሎ ይታያል። ከጦርነቱ በፊት ሰዎች ለጠበል መሰል የማዕድን ውሃ ሕክምና ይመጡባት የነበረችው ኦፖልኖ-ዝድሩይ ዛሬ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ናት፤ የቁፋሮው መስፋት ከቤቶቿ ከፊሉን እንደሚወስድ ይጠበቃል። «የአካባቢው ሕዝብ ይደግፋል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ እነዚህ ሰዎችም አሉ፤ ቁጥራቸው አነስተኛ ስለሆነ ግን አይሰሙም።

ከድንበሩ ማዶ

ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ለመሥራት ውሃው ያለማቋረጥ በፓምፕ መውጣት አለበት። ያኔ በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሳባል፤ ውሃው ደግሞ ፓስፖርት አይጠየቅም። በቼክ በኩል፣ ከድንበሩ ጥቂት ርቀት ላይ ባለችው ኡሄልናና በአጎራባች መንደሮች የነዋሪዎች የውሃ ጉድጓዶች እየጎደሉ መጡ። የቼክ ወገን ቁፋሮው ከቀጠለ እስከ 30,000 ሰው የሚጠጣው ውሃ ሊነካ ይችላል ሲል ተከራክሯል። በጀርመን በኩል የዚታው ከተማ መሬቱ ይሰምጣል፣ ሕንፃዎች ይሰነጠቃሉ በሚል ስጋት የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል ለሆነው ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት ብላለች።

እዚህ ላይ የክርክሩ መሠረታዊ ጠባይ ይታያል። ደመወዙ፣ ክፍያውና ሙቀቱ ከድንበሩ ወዲህ ይቀራሉ፤ የውሃው ጉዳት ከፊሉ ማዶ ይሻገራል። በቦጋቲኒያ ሕዝበ ውሳኔ ቢደረግ ውጤቱ ሳይቆጠር ይታወቃል፤ በኡሄልናም ቢደረግ እንዲሁ፣ በተቃራኒው። ሁለቱም «የአካባቢው ሕዝብ» ናቸው። ጉድጓዱን ጫፉ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ሁለቱንም መንደር በአንድ እይታ ያገኛቸዋል።

ስድስት ዓመት ያለ ግምገማ

ግጭቱ ወደ ፍርድ ቤት የሄደው በፈቃድ አሰጣጡ ምክንያት ነው። የቱሩፍ ፈቃድ በ1994 የተሰጠ ሲሆን የሚያበቃው በአፕሪል 2020 ነበር። በማርች 2020 የአየር ንብረት ሚኒስትሩ ሚካው ኩርቲካ እስከ 2026 አራዘሙት። የፖላንድ ሕግ በወቅቱ ለአንድ ጊዜ፣ እስከ 6 ዓመት ለሚደርስ ማራዘሚያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አያስገድድም ነበር። ግምገማው አንድ ሥራ በውሃ፣ በአየር፣ በጤናና በጎረቤት አገር ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አስቀድሞ የሚጠናበትና ተጎጂ የሚባሉት የሚደመጡበት ሂደት ነው። እሱ ሲዘለል የቼክ ነዋሪዎች የሚናገሩበት በር ተዘጋ።

ቼክ ሪፐብሊክ በፌብሩዋሪ 2021 ፖላንድን በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከሰሰች። አንድ አባል አገር ሌላውን ባለበት ኅብረት ውስጥ መክሰስ እምብዛም አይታይም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሳሹ ኮሚሽኑ ነው። ሜይ 21 ቀን የፍርድ ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ዋናው ክስ እስኪወሰን ቁፋሮው ወዲያውኑ እንዲቆም አዘዙ። ምክንያቱ ልብ የሚባል ነው፦ የሥራና የገቢ ኪሳራ በመርህ ደረጃ በገንዘብ ሊካስ ይችላል፤ አንዴ የወረደ የከርሰ ምድር ውሃ ግን በትእዛዝ አይመለስም። ፖላንድ አላቆመችም። ሴፕቴምበር 20 ቀን በየቀኑ 500,000 ዩሮ እንድትቀጣ ተወሰነ። በሉክሰምበርግ የታየው ሰልፍ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2022 የፖላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማቴውሽ ሞራቪየትስኪና የቼኩ አቻቸው ፔትር ፊያላ በፕራግ ተስማሙ። ፖላንድ 45 ሚሊዮን ዩሮ ትከፍላለች፤ 35ቱን መንግሥት፣ 10ሩን የፒጂኢ ፋውንዴሽን። የውሃውን ፍሰት የሚገታ ከመሬት በታች የተሠራ ግድግዳ ሥራው ይጠናቀቃል፣ የውሃው ከፍታ በጋራ ይለካል። ቼክ ክሱን አነሳች። በዚያው ዕለት ለዳኞቹ ገለልተኛ የሕግ አስተያየት የሚያቀርቡት ፕሪት ፒካሜ ግምገማ አልባው ማራዘሚያ የኅብረቱን ሕግ ይጥሳል ሲሉ አስተያየታቸውን ሰጥተው ነበር። ክሱ ስለተነሳ የመጨረሻ ፍርድ አልተሰጠም። እስከዚያ የተጠራቀመው ወደ 68.5 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ቅጣት ግን ኮሚሽኑ ለፖላንድ ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ተቀንሷል፤ ፖላንድ ይህን ተቃውማ በሜይ 2024 በኅብረቱ አጠቃላይ ፍርድ ቤት ተረታለች።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። ቅጣቱ ብቻውን ከስምምነቱ ክፍያ ይበልጣል። ከመጀመሪያው ጎረቤቱን አነጋግሮ ግምገማውን መጨረስ ከሁሉም ርካሹ መንገድ ነበር፤ የተመረጠው ግን ከሁሉም ውድ የሆነው ነው።

2044 የሚለው ቁጥር ያስከፈለው

ክሱ ገና በፍርድ ቤት ሳለ፣ በአፕሪል 2021፣ ፈቃዱ እንደገና እስከ 2044 ተራዘመ። በቦጋቲኒያ ይህ እንደ ድል ታየ። ጉዳቱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከከሰል ለሚወጡ አካባቢዎች «የፍትሐዊ ሽግግር ፈንድ» የሚባል ገንዘብ አቋቁሟል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ለአየር ንብረት ሲባል ሥራው የሚዘጋበት ሰው ዋጋውን ብቻውን እንዳይከፍል፣ ለአዲስ ድርጅቶች፣ ለሥልጠናና ለመሬት ማገገሚያ ድጋፍ ይሰጥ። ከአባል አገራቱ ትልቁ ድርሻ፣ ወደ 3.85 ቢሊዮን ዩሮ፣ የተያዘው ለፖላንድ ነው። ገንዘቡን ለማግኘት ግን አካባቢው ከከሰል የሚወጣበትን እቅድና ጊዜ ማቅረብ አለበት። እስከ 2044 እንቆፍራለን ያለ አካባቢ የሽግግር እቅድ አለኝ ማለት አልቻለም። የፖላንድ እቅዶች በ2022 መጨረሻ ሲጸድቁ ዋውብዥክ ገባ፣ ሲሌሲያ ገባ፣ ከሰሉን በ2036 አካባቢ እጨርሳለሁ ያለው ቤውሃቱፍም ገባ። ቦጋቲኒያ ያለችበት የዝጎጄሌትስ አካባቢ ቀረ።

ንጽጽሩ ለቦጋቲኒያ ይበልጥ መራራ የሚሆነው ሁለት ቦታዎችን ስናይ ነው። በመካከለኛው ፖላንድ የኮኒን አካባቢ እንደ ቱሩፍ ሊግናይት ያወጣ ነበር። እዚያ ያለው የግል ኩባንያ በ2020 ከሰሉን በአስር ዓመት ውስጥ እተዋለሁ አለ፤ ክልሉም በፍጥነት እቅድ አውጥቶ ከ400 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተመደበለት። ኮኒን ላይ ሁሉ ነገር ሰምሯል ማለት አይደለም። የድሮው ሥራ የሚጠፋበት ፍጥነት አዲሱ ከሚፈጠርበት ይበልጣል የሚለው ቅሬታ እዚያም አለ። ቢሆንም ለመከራከሪያ የሚሆን ገንዘብ በእጃቸው ገብቷል።

ሁለተኛው ቦታ ይበልጥ ቅርብ ነው። ከናይሰ ወንዝ ማዶ የጀርመን የላውዚትስ ከሰል አካባቢ አለ። ጀርመን በ2020 ባወጣችው ሕግ ከሰልን እስከ 2038 ለማቆም ስትወስን ለከሰል አካባቢዎቿ እስከ 40 ቢሊዮን ዩሮ መድባለች። ከዚያ ገንዘብ አንዱ ፍሬ በ2022 በጌርሊትስ እንዲቋቋም የተወሰነው ብሔራዊ የአስትሮፊዚክስ ማዕከል ነው። ጌርሊትስና ዝጎጄሌትስ ከጦርነቱ በፊት አንድ ከተማ ነበሩ፤ ዛሬ በእግር ድልድይ ይገናኛሉ። ከድልድዩ በአንዱ ጫፍ የምርምር ማዕከል ሲታቀድ፣ በሌላው ጫፍ ወጣቱ ከሚሠራበት ጉድጓድ ውጪ የተጻፈ ነገር የለውም።

የድጋፉ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ ማራዘሚያውን የደገፉት አማራጭ ስላልነበራቸው ነው፤ ማራዘሚያው ደግሞ አማራጩን ሊያመጣ የሚችለውን ገንዘብ አስቀረባቸው። ቁጥሩን የመረጡት ግን ነዋሪዎቹ አልነበሩም፤ ኩባንያውና ሚኒስቴሩ ናቸው። ነዋሪው ቀርቦለት የነበረው ምርጫ «እስከ 2044 ወይስ ነገ ጠዋት ይዘጋ» የሚል ነበር። እንዲህ ተደርጎ ለተጠየቀ ሰው መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቶታል።

ደጋፊዎቹ የሚያነሱት ክብደት ያለው ነጥብ

የማራዘሚያው ደጋፊዎች ክርክር ሁሉ ግን ተራ አይደለም። ቼክና ጀርመን ራሳቸው በዚያው ድንበር አካባቢ ትልልቅ የሊግናይት ጉድጓዶች አሏቸው፤ ለእኛ ብቻ ሕጉ ለምን ጠነከረ ይላሉ። መልሱ የክሱ ጭብጥ ከሰል ማውጣቱ ሳይሆን የግምገማው መዘለል ነው የሚል ነው። በሕግ ረገድ ይህ ያስኬዳል፤ ለአንድ ፈረቃ ሠራተኛ ግን እምብዛም አያሳምንም።

ከፌብሩዋሪ 2022 በኋላ ደግሞ የዩክሬን ጦርነት መጣ። የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥ ጀርመን ራሷ ተጠባባቂ የከሰል ማመንጫዎችን ወደ ሥራ መለሰች። በቦጋቲኒያ «ያኔ ብንዘጋ ኖሮ» የሚለው ወሬ ጉልበት አገኘ። ጦርነቱ ያሳየው ግን ማመንጫን በአንድ ጀምበር መዝጋት አደገኛ መሆኑን ነው፤ ለሃያ ዓመት የሚቆይ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚለውን አያረጋግጥም። ሁለቱ ጥያቄዎች በክርክሩ ውስጥ ሆን ተብለውም ሳይታወቅም ሲቀላቀሉ ይታያል።

ሠራተኞቹ የሚያነሱት ሌላ ቅሬታም አለ። ከሊግናይት የተለየው የጥቁር ከሰል ቆፋሪዎች በ2021 ከመንግሥት ጋር በተፈራረሙት ስምምነት እያንዳንዱ ጉድጓድ የሚዘጋበት ቀን እስከ 2049 ድረስ ተቀምጦላቸዋል፤ የሊግናይት ሠራተኞች በዚያ ውስጥ አልነበሩም። ለእነሱ የመውጫ ዋስትና በሕግ የመጣው በ2023 ነው። ቀን የተቆረጠለትና ክፍያው የታወቀ ሠራተኛ፣ ቀን ካልተቆረጠለት ይልቅ ስለ መዘጋት ረጋ ብሎ ሊነጋገር መቻሉ አያስገርምም።

ቀኑን የሚቆርጠው ማን ነው?

ፈቃዱ 2044 ቢልም ጉድጓዱ እስከዚያ ይሠራል ማለት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አንድ ማመንጫ ለሚለቀው ለእያንዳንዱ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የልቀት ፈቃድ ከገበያ መግዛት አለበት። ሊግናይት አንድ ሜጋዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ወደ አንድ ቶን ይለቃል። የልቀት ፈቃዱ ዋጋ በቶን 70 ዩሮ ቢሆን፣ ከሰሉ በነጻ ቢገኝ እንኳ፣ ያ ኤሌክትሪክ 70 ዩሮ ተጨማሪ ወጪ አለበት ማለት ነው። በ2023 መጀመሪያ ዋጋው 100 ዩሮ ነክቶ ነበር። ፀሐይና ነፋስ ይህ ወጪ የለባቸውም፤ በበዙ ቁጥር ሊግናይቱ የሚሠራበት ሰዓት ያጥራል። በ2021 በቱሩፍ የተመረቀው 496 ሜጋዋት አዲስ ክፍልም ከዚህ ስሌት አያመልጥም።

ሕጉም አልረጋም። በማርች 2024 የዋርሶ አስተዳደራዊ ፍርድ ቤት ለረጅሙ ማራዘሚያ መሠረት የሆነውን የአካባቢ ጥበቃ ውሳኔ ሽሯል፤ ኩባንያው ያኔ ይግባኝ እንደሚል አሳውቆ ነበር። ቁፋሮው ግን በዚያ አልቆመም።

ስለዚህ በጣም የሚያሰጋው ጉድጓዱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መዘጋቱ አይመስለኝም። የሚያሰጋው በ2030ዎቹ መጀመሪያ ላይ በገበያ ምክንያት፣ ያለ እቅድና ያለ ማካካሻ፣ ማለትም ልክ ዋውብዥክ በተዘጋበት አኳኋን መዘጋቱ ነው። ያኔ የፍትሐዊ ሽግግር ፈንዱ የአሁኑ ዘመን አልፏል። ኮሚሽኑ በጁላይ 2025 ለ2028–2034 ባቀረበው የበጀት ሐሳብ እንዲህ ያሉ ገንዘቦች በየአገሩ በሚዘጋጅ አንድ ብሔራዊ እቅድ ውስጥ እንዲጠቃለሉ ይፈልጋል። ሐሳቡ እንደቀረበ ከጸደቀ ለቦጋቲኒያ የሚደርሰው ድርሻ የሚወሰነው በብራስልስ መስፈርት ብቻ አይሆንም፤ ዋርሶ ከሲሌሲያና ከቤውሃቱፍ ጋር አወዳድሮ በሚሰጣት ቦታም ጭምር ነው። ማዘጋጃ ቤቱና የሠራተኛ ማኅበሩ ወደዚያ ድርድር ሲገቡ 2044ን ብቻ ይዘው ከገቡ፣ በ2022 ከቀሩበት ምክንያት አንዱን መልሰው ይዘው ገቡ ማለት ነው።